የጎመን ምንቸት ለምን «ውጣ» ተባለ?

የታሪክ መጽሐፍ ስንገልጥ አስቀድመን የምናገኘው የነገሥታትን ስም፣ የጦርነትን ቀንና የከተሞችን መቈርቈር ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ልናውቀውም ይገባናል። ነገር ግን ንጉሡም፣ ወታደሩም፣ ገበሬውም ሳይበላ ያደረበት ዘመን የለም። ሕዝቡ በየወቅቱ ምን ይበላ እንደ ነበር፣ ያንንም ማን ዘርቶ፣ ማን ቀጥፎ፣ ማን አብስሎ ያቀርብለት እንደ ነበር የሚናገር ገጽ በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ ጥቂት ነው። ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የታሪክ ተማሪዎች ለዚህ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ ከቤተ መንግሥቱ አደባባይ ይልቅ ወደ ቤታችን ጓሮ ዞር ብለን ለማየት የወደድነው ስለዚህ ነው። የመረጥነውም ጎመንን ነው።

«ጎመን ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚለን ሰው አይጠፋም። እኛም ነገሩን መመርመር ከመጀመራችን በፊት እንዲሁ ብለን ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት እንደ መረመርን፣ የጎመን ታሪክ የክረምት ታሪክ፣ የጾም ታሪክ፣ የክፉ ቀን ታሪክና ከሁሉም ይልቅ የእናቶቻችን የሥራ ታሪክ ሆኖ አገኘነው።

ሁለት አባባሎች

በአገራችን ስለ ጎመን የሚነገሩ ሁለት የታወቁ አባባሎች አሉ። የመጀመሪያው «ጎመን በጤና» የሚለው ነው። ይህ አባባል በጭንቅና በስጋት ከሚበላ ሥጋ ይልቅ በሰላም የሚበላ ጎመን ይሻላል የሚል ትርጓሜ ያለው ሲሆን፣ ሰው ትልቅ ጥቅም ፈልጎ ከአደጋ ላይ እንዳይወድቅ ለመምከር ይነገራል። ሁለተኛው «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው ነው። ይህም እንደየአገሩ ልማድ በእንቍጣጣሽ ወይም በመስቀል፣ ክረምቱ አልፎ አዲሱ ዓመት ሲገባ ይባላል።

እንግዲህ ልብ ብለን እንመልከት። አንዱ አባባል ጎመንን ያከብረዋል፤ ሌላው ግን ከቤት ያስወጣዋል። ይኸው ሕዝብ ስለ አንድ ቅጠል እንዲህ ሁለት ዐይነት ቃል የተናገረው ለምንድር ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት ተክሉን ራሱን ማወቅ፣ ቀጥሎም ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ያለውን የገበሬውን ቤት ኑሮ በየወሩ መከተል ያስፈልጋል።

የሐበሻ ጎመን ትውልድ

የሐበሻ ጎመን ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። ናጋሃሩ ዩ የተባለው የዕፀዋት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ባሳተመው ጥናት፣ ይህ ተክል ከሁለት ወላጆች እንደ ተገኘ አስረድቷል። አንዱ ወላጅ ጥቁሩ ሰናፍጭ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥቅል ጎመን የሚገኝበት ዘር ነው። ሰናፍጩ 8 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ጥቅል ጎመኑ ደግሞ 9 ጥንድ አለው። የእኛ ጎመን የሁለቱንም ጠቅልሎ ይዞ 17 ጥንድ ሆነ። ሩስያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየአገሩ እየተዘዋወረ የእህልና የአትክልት ዘር ሰብስቦ ነበር። እርሱም ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የእርሻ ተክሎች ከተገኙባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች መካከል ቈጥሯታል።

ከዚህ ጋር ማስታወስ የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዛሬ በድስታችን ውስጥ ከጎመን ጋር የምናገኛቸው አንዳንዶቹ ጓደኞቹ በአገራችን እንግዶች ናቸው። ቃሪያና በርበሬ የአሜሪካ ተክሎች ስለ ሆኑ፣ ኮሎምቦስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1492 ወደዚያ ከመሄዱ በፊት በእኛ ዘንድ ሊታወቁ አይችሉም ነበር። ድንችም እንዲሁ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በሰሜን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። ቆስጣም ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ የቅርብ ጊዜ መጤ ነው። ጎመንና ኮረሪማ ግን የቤት ልጆች ናቸው።

የስሙም ብዛት የቤት ልጅነቱን ይመሰክራል። በኦሮምኛ ራፉ፣ በትግርኛ ሓምሊ፣ በሲዳምኛ ሻና ይባላል። በግዕዝ የሚበላ ቅጠል ሐምል ይባላል፤ የዝናሙና የልምላሜው ወር ሐምሌ ስሙን ከዚሁ እንዳገኘ የቋንቋው መምህራን ያስረዳሉ። ወደ ደቡብ በኮንሶና በአካባቢው ስንወርድ ደግሞ የጎመንን ሥራ የሚሠራ ዛፍ እናገኛለን። ይህም ሽፈራው ወይም ሀለኮ የሚባለው ሲሆን፣ ሕዝቡ በእርከን ማሳውና በቤቱ ዙሪያ ተክሎ ቅጠሉን እየቀጠፈ ከእህል ጋር ቀቅሎ ይመገበዋል። ቅጠሉ ይለያይ እንጂ ብልሃቱ አንድ ነው፤ ጎተራው ሲጎድል የሚደርስ ምግብ ከቤቱ አጠገብ ማቈየት ነው።

የክረምቱ ጎመን

የደጋ ገበሬ ዓመት የሚከብደው በክረምት ነው። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ ይሄዳል፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ሣር ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ስለሚሆን ገበያ መውጣትም ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ ጎተራው ቢጎድል ጓሮው ይሞላል።

ጎመን የሚዘራው ዝናም ሲጥል ከቤቱ ጀርባ፣ አመድና ፍግ በሚደፋበት፣ የዕቃ እጣቢ በሚፈስበት ለም አፈር ላይ ነው። ይህ ስፍራ የእናት ግዛት ነው። እርሻውን በሬ ይዞ የሚያርሰው አባት ሲሆን፣ ጓሮውን በዶማ የምትቈፍር፣ የምትዘራ፣ የምታርምና የምትቀጥፍ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ጎመን እንደ ጤፍ አንድ ጊዜ ታጭዶ አያልቅም። የታችኛው ቅጠል እየተቀጠፈ ለጋው እምቡጥ ከተተወለት እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ጥቂት እግር ጎመን አንድን ቤተሰብ ለብዙ ሳምንት ሊያቈየው ይችላል። ችኩል ሆኖ እምቡጡን የሚቈርጥ ሰው ግን ዛሬን በልቶ ነገን አጠፋ ማለት ነው።

በሐምሌና በነሐሴ የጎመን ምንቸት ከእሳት አይወርድም። እንጀራው ሲያንስ ቅጠሉ ይበዛል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾምም በዚሁ ጊዜ ስለሚውል፣ ጾሙና ችግሩ በአንድ ምንቸት ይገናኛሉ። እንግዲህ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጎመን ሰልችቷቸው መስከረም ሲጠባ፣ እሸቱ ሲደርስ፣ «የጎመን ምንቸት ውጣ» ቢባል ምን ይገርማል? ገንፎ የዱቄትና የቅቤ ምግብ ነው። የእርሱ ምንቸት ግባ መባሉ እህል ተገኘ፣ ላም ታለበች፣ ቅቤ ተናጠ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ውጣ የተባለው ተክሉ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር አብሮት የከረመው ማጣት ነው።

ይህንን አስተያየት የሚያጠነክርልን ሌላ ማስረጃ ከጉራጌ አገር እናገኛለን። በሌላው አገር የጎመን ምንቸት በሚባረርበት በመስቀል ሰሞን፣ በጉራጌ ጎመን በክብር ይቀርባል። ከብት ከሚታረድበት ቀን አስቀድሞ የሴቶች መስቀል በሚባለው ቀን፣ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ በቅቤና በቅመም ታሽቶ «ጎመን ክትፎ» ተብሎ ከዓይብና ከቆጮ ጋር ይበላል። ቀጥሎም የሥጋው ክትፎ ሲቀርብ ጎመን ከአጠገቡ አይለይም። ቅጠሉ አንድ ሲሆን፣ በአንዱ ቤት የችግር ምልክት፣ በሌላው የበዓል ጌጥ ሆኗል። ልዩነቱ ከቅጠሉ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ማግኘትና ማጣት የመጣ ነው።

ክፉ ቀን

በኢትዮጵያ ታሪክ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚጠራው ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። የመከራው መነሻ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ፈጀው። በዚያው ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ። በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ነው።

በዚያ ዘመን ከሁሉ የከፋው ነገር የበሬ ማለቅ ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ ዘር ቢኖረው እንኳ ማሳውን ሊያርስ አይችልም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ በታሪካቸው ይነገራል። ንጉሠ ነገሥት ዶማ መያዛቸው ትልቅ ነገር ሆኖ ተጻፈ፤ መጻፉም መልካም ነው። እኛ ግን ይህን ስናነብ አንድ ሐሳብ መጣብን። እናቶች ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ጓሮአቸውን በዶማ ይቈፍሩ ነበር። የጓሮ ጎመን በሬ አይጠይቅም። ዶማ፣ አመድ፣ ጥቂት ዘርና ዝናም ካገኘ ይበቃዋል። በእርግጥ ድርቅ ሲመጣ ጓሮውም ይደርቃል፤ ጎመን ብቻውን ሕዝብን ከረኃብ ያድናል አንልም። ነገር ግን በሬ በታጣበት ቤት በሰው ጉልበት ብቻ ሊለማ የሚችለው መሬት ያ የተናቀው የጓሮ ቍራጭ እንደ ነበረ ማስተዋል አያስቸግርም።

የኅዳር ጎመን

አሁን ወደ መፀው መጨረሻ እንምጣ። በኅዳር ሰማዩ ጠርቷል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በደጋውም ውርጭ ይወርዳል። ጤፉ እየታጨደ ይከመራል፤ አውድማ ይለቀለቃል። ጎተራው ሊሞላ የተቃረበበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በመስከረም የተባረረው የጎመን ምንቸት በኅዳር ተመልሶ ይገባል። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይጀመራልና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ በምእመናኑ ቤት ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ዕንቍላል አይቀመስም።

ልብ እንበል፤ በነሐሴ ጎመን የተበላው ሌላ ስለ ታጣ ጭምር ነበር። በኅዳር ግን እህሉ እያለ፣ ላሟ እየታለበች፣ ሰው ወድዶና ፈቅዶ ወደ ጎመን ይመለሳል። ሀብታሙም ድኻውም በአንድ ወጥ ይገናኛሉ። በነሐሴ ማጣት የነበረው በኅዳር ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል እውነተኛ ጣዕሙ የሚታወቀውም በዚህ ጊዜ ይመስለናል።

አሠራሩን ከእናቶቻችን ጠይቀን እንደሚከተለው ጽፈነዋል። ጎመን የሚቀጠፈው በማለዳ ወይም ፀሐይ በረድ ሲል ነው። ዝናሙ ካቆመ ወዲህ ያደገው ቅጠል ከክረምቱ ይልቅ ጠንከር ስለሚል፣ ከመካከሉ ያለው ወፍራም ጅማት መውጣት አለበት። ቢጫ የሆነውና ትል የበላው ይለያል፤ የቀረው በብዙ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ በደቃቁ ይከተፋል። በፈላ ውኃ ጥቂት ገንፈል ብሎ ይወጣና ይጨመቃል። በሌላ በኩል ሽንኩርት በድስት ውስጥ ቍላት ይጀመርና ሲለሰልስ የኑግ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨመርበታል። ጎመኑ ገብቶ በለዘበ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል። ጨውና ኮረሪማ፣ በመጨረሻም የተሰነጠቀ ቃሪያ ገብቶበት ይወጣል። የገና ቀን ሲደርስ ያው ጎመን በቅቤ ይሠራል፤ ወይም ከአጥንት ሥጋ ጋር ተቀቅሎ ጎመን በሥጋ ይሆናል።

በሳይንስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ጎመን ለዐይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ቫይታሚን ሲ፣ ካልሲየምና ብረትም ይገኝበታል። ቫይታሚን ሲ ግን በውኃ የሚሟሟና በእሳት ብዛት የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ ጎመንን ለረዥም ጊዜ መቀቀልና ውኃውን መድፋት ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ስለዚህ አጥቦ መክተፍ እንጂ ከትፎ ማጠብ አይገባም፤ በጥቂት ውኃ ቶሎ አብስሎ ማውጣቱም የተሻለ ነው።

ለዘር የሚቀረው

ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልነው ነገር ግን በድስቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን በጓሮው ውስጥ ሳይቀጠፍ የቀረው ነው። በክረምቱ ወራት ሁሉም ጎመን ሲቀጠፍ፣ እናት ከሁሉ የተሻለውን፣ ግንዱ የጠነከረውንና ቅጠሉ የሰፋውን ጥቂት እግር መርጣ ትተወዋለች። ልጆች ቢርባቸውም ያ አይነካም። እርሱም ወደ ላይ ተመዝዞ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ፍሬ ይይዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርቃል። ተቈርጦ በጨርቅ ወይም በሰሌን ላይ ይወቃና ዘሩ በቅል ወይም በጨርቅ ቋጠሮ ተደርጎ ከጢስ አጠገብ ይቀመጣል። በሚመጣው ነሐሴ ቤተሰቡ የሚበላው ጎመን በዚህ በኅዳር ከድስት የተረፈው ነው።

የሚተርፈው ዘር ሌላም ሥራ አለው። አዲስ ምጣድ የሚሟሸውና እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ነው። ዘይትም ይወጣዋል። ይህ የዘይት ነገር በቅርብ ዘመን ከምጣድ አልፎ ወደ ሰማይ ወጥቷል ብንል የሚያምነን ጥቂት ነው። ነገር ግን እውነት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥቅምት 2012 በካናዳ አንድ ጄት አውሮፕላን ሌላ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት፣ ከዚሁ ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በርሯል። በጥር 2018ም ቃንታስ የተባለው የአውስትራልያ አየር መንገድ ይኸው ነዳጅ በከፊል የተቀላቀለበትን አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልቦርን አብርሯል። በአገራችን ከምጣድ ማሰሻ ያላለፈው ዘር በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ይህን ያህል ተፈልጓል።

የዘር ጥበቃ ነገር በመንግሥትም ደረጃ ታስቦበት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 የዕፀዋት ዘር ሀብት ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ማእከሉን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ስለዚህ ሥራ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል እስከ መብላት በደረሰ ጊዜ፣ ዘሩ ፈጽሞ እንዳይጠፋ ከየአገሩ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ዶክተር መላኩ አጥብቀው ያስተማሩት ነገር፣ ዘር በማቀዝቀዣ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በማሳው ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት የሚል ነው። ይህ ታላቅ ትምህርት እናቶቻችን በጓሮአቸው ሲሠሩት ከኖሩት ሥራ ጋር አንድ ሆኖ አግኝተነዋል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የጎመን ምንቸት ለምን ውጣ ተባለ? መልሳችን ይህ ነው። ምንቸቱ ሥራውን ስለ ፈጸመ ተሰናበተ እንጂ ስለ ተናቀ አልተጣለም። ሕዝቡ በመስከረም የችግሩን ወራት አሰናበተ፤ በኅዳር ግን ያንኑ ምንቸት በፈቃዱ መልሶ ጣደ፤ ዘሩንም ቋጥሮ አኖረ። ሁለቱ አባባሎች አይጣሉም።

የሚያስፈራን ሌላ ነገር ነው። እኛ የከተማ ልጆች የጎመንን ምንቸት በእውነት እንዳናስወጣው ያሰጋናል። ዛሬ ብዙዎቻችን ጎመንን በገበያ ታስሮ እንጂ በጓሮ በቅሎ አናውቀውም። የትኛው እግር ለዘር እንደሚተው፣ እምቡጡ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ዘሩ መቼ እንደሚወቃ የሚያውቁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። አንዲት አያት ያወቀችውን ሳትናገር ካለፈች አብሯት ያልፋል፤ በቅል ውስጥ ያለው ዘርም ሳይዘራ ከቈየ መብቀሉን ይተዋል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። በዚህ ዓመት የነቢያት ጾም ሳያልፍ እያንዳንዳችን እናታችንን ወይም አያታችንን ስለ ጎመን እንጠይቅ፤ የምትነግረንንም በደብተራችን እንጻፍ። ጓሮ ያለን ጥቂት እግር እንትከል፤ ከእነዚያም አንዱን ለዘር እንተው። መምህራኖቻችንም ይህን ከታሪክና ከእርሻ ትምህርት ጋር አያይዘው እንዲረዱን እንለምናለን። የነገሥታቱን ታሪክ የሚጽፉ ጸሐፍት አልታጡም፤ የጓሮውን ታሪክ ግን ካልጠየቅንና ካልጻፍን የሚጽፍልን የለም።